ከባሕር ወደ የብስ፤ የቻይና ጦርና የተኩስ ድጋፍ ታሪክ

በአንድ ትልቅ መንግሥት የበዓል ሰልፍ ላይ መድፍና ሮኬት በአደባባይ ሲያልፍ የተመለከተ ሰው፥ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ግዙፍነትና ጥይቱ ስለሚደርስበት ርቀት ነው። የጦርነትን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ወታደሩ ከጀልባው ወርዶ፥ ውሃው እስከ ደረቱ ደርሶ፥ ጠመንጃውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወደ ጠላት ዳርቻ በሚራመድበት ሰዓት ስለ እርሱ የሚተኩስለት ማን ነው የሚለው ነው። የቻይና ሕዝባዊ ነፃ አውጪ ጦር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት የከፈለው ዋጋም ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ይህንኑ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በየብስ ላይ የሚዋጋ ወታደር ተኩስ ቢበዛበት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከድንጋይ ጥግ ይጠለላል፤ የባሰ እንደ ሆነም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። መድፉም ከበስተ ኋላው በጽኑ መሬት ላይ ተተክሎ ይጠብቀዋል። ከባሕር ወደ የብስ የሚወጣ ወታደር ግን ከነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ ሌሎች ይተኩሱለታል። በመጀመሪያ ጀልባዎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት አውሮፕላንና መርከብ፥ የሚደርስ ከሆነም የምድር መድፍ የጠላትን ምሽግ ይደበድባል። ቀጥሎም ጀልባዎቹ ወደ ዳርቻው ሲቃረቡ ተኩሱ ጠላት ራሱን ቀና እንዳያደርግ መከልከል አለበት። ነገር ግን የመድፍ ጥይት ሁሉ ከአንድ ነጥብ ላይ አይወድቅም፤ ይበተናል። ስለዚህ ወገን ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው መድፈኛው የራሱን ሰው እንዳይገድል ተኩሱን ማቆም ወይም ወደ ውስጥ ማሻገር ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ መድፉ ዝም ካለበት ቅጽበት ጀምሮ የመጀመሪያው ወታደር አሸዋውን ረግጦ መትረየሱን እስኪተክል ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። የተከላካዩ ወታደር ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ መትረየሱ የሚመለሰው በነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህ የቻይናውያን ችግር ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናክል። በኖቬምበር 1943 ዓ.ም. የአሜሪካ የጦር መርከቦች በፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኘውን የታራዋን ደሴት ከደበደቡ በኋላ፥ ጀልባዎቹ ዳርቻ ሳይደርሱ ተኩሳቸውን አቆሙ። የባሕሩ ውሃም እንደታሰበው ስላልሞላ ብዙዎቹ ጀልባዎች በኮራል ድንጋይ ላይ ተያዙ፤ ወታደሮቹም ብዙ መቶ ሜትር በውሃ ውስጥ እየተራመዱ የጃፓን መትረየስ አጨዳቸው። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሺህ ያህል አሜሪካውያን ሞቱ። ያን ያህል መርከብና አውሮፕላን የነበረው መንግሥት እንዲህ ከሆነ፥ አንድም የጦር መርከብ ያልነበረው ጦር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ማኦ ሴ ቱንግ ኦክቶበር 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በፔኪንግ የቻይናን ሕዝባዊ ሪፑብሊክ መመሥረት ባወጁ ጊዜ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። የቺያንግ ካይ ሼክ የኩዎሚንታንግ ጦር ወደ ታይዋንና በቻይና ጠረፍ አጠገብ ወዳሉት ደሴቶች አፈግፍጎ ነበር። ከነዚህም አንዷ በፉጂያን ክፍለ ሀገር ፊት ለፊት፥ ከአሞይ ወይም ከሻሜን ወደብ አጠገብ የምትገኘው ኪንመን ናት፤ የቀድሞ ጋዜጦች ኬሞይ እያሉ የሚጠሯት ማለት ነው። ሻሜን ኦክቶበር 17 ቀን በኮሚኒስቶቹ እጅ ስትወድቅ፥ የአሥረኛው የጦር ቡድን አዛዥ ጄኔራል ዬ ፌይ ኪንመንም ብዙ እንደማትቆይ አመኑ። ዬ ፌይ በፊሊፒን ደሴቶች ከፊሊፒናዊት እናት የተወለዱ፥ በፉጂያን ተራሮች የደፈጣ ውጊያ ያደጉ ሰው ነበሩ። ጦራቸው ከያንግሴ ወንዝ ጀምሮ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ድል በድል ላይ እየደረበ መጥቶ ነበርና፥ ትንሿን ደሴት ንቆ ማየቱ ሊያስደንቅ አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ግን እዚህ ላይ ደረሰ።

በጀልባ እጦት ምክንያት ቀኑ ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ፥ ኦክቶበር 24 ቀን ሌሊት ከሦስት ሬጅመንቶች የተውጣጡ ዘጠኝ ሺህ ያህል ወታደሮች በዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባዎቹን የሚቀዝፉትና ሸራውን የሚይዙትም የዚያው አገር ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ዘመቻውን እንዲመሩ የታዘዙት የ28ኛው ጦር ምክትል አዛዥ ሺያዎ ፌንግ ከወዲያኛው ዳርቻ ቀሩ። ከሦስቱ ሬጅመንቶች ጋር በደሴቲቱ ላይ ሆኖ ሦስቱንም የሚያዝዝ አንድ አለቃ አልተሻገረም። የመጀመሪያው ማዕበል ወታደሩን አውርዶ እንዲመለስና ሁለተኛውን እንዲያመጣ ነበር የታቀደው፤ ለሁለቱም ማዕበል የሚበቃ ጀልባ አልነበረምና።

ወታደሮቹ ዳርቻውን የነኩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ነው። ከዚያም ውሃው ጎደለ። ጀልባዎቹ በአሸዋውና ተከላካዮቹ በተከሉት እንቅፋት ላይ ተሰክተው ቀሩ። ጎሕ ሲቀድ የኩዎሚንታንግ አውሮፕላኖችና በአቅራቢያው የነበረ አንድ መርከብ ጀልባዎቹን ያቃጥሏቸው ጀመር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የአንዲት ታንክ ታሪክ ነው። አሜሪካ የሠራቻት ይህች ቀላል ታንክ በዋዜማው ቀን ልምምድ ሲደረግ ተበላሽታ ከዳርቻው ላይ ቀርታ ነበር። አጋጣሚው ጀልባዎቹ በሚደርሱበት ስፍራ አስቀመጣት፤ መንቀሳቀስ ባትችልም መድፏ ይተኩስ ነበርና በሌሊቱ በጀልባዎቹ ላይ ተኮሰች። ጓደኞቿ ታንኮችም ሲነጋ ደረሱ።

እዚህ ላይ የተኩስ ድጋፉን ነገር ልብ ብለን እንመልከት። ኮሚኒስቶቹ በዋናው ምድርና በአቅራቢያው ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ላይ መድፍ ተክለው ነበር፤ ጥይታቸውም በሰሜን በኩል ወዳለው ዳርቻ ይደርስ ነበር። ነገር ግን በጨለማ፥ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ውሃ ማዶ፥ ወገንና ጠላት ተደባልቀው በሚዋጉበት መንደር ላይ መድፈኛው ምን ላይ ይተኩስ? በደሴቲቱ ላይ ሆኖ ጥይቱ የሚወድቅበትን እያየ «ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊት» እያለ የሚያርም የተደራጀ ክፍል ከሌለ መድፉ ዕውር ነው። የወረዱት ወታደሮች ደግሞ ከእጃቸው ላይ ያለው በትከሻ የሚሸከሙት መሣሪያ ብቻ ነበርና ታንክን ሊያቆሙበት አልቻሉም። የመድፉ ዝምታ በኪንመን ላይ ጥቂት ደቂቃ ሳይሆን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ቆየ ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ሌሊት በተገኙት ጥቂት ጀልባዎች ጥቂት ሻምበሎች ቢሻገሩም ለውጥ አላመጡም። በጉኒንግቶው መንደር የተከበቡት ኦክቶበር 27 ቀን አለቁ፤ ከተሻገሩት ሁሉ ያልሞተው ተማረከ። ከነዚህም ውስጥ ጠመንጃ ያልያዙት ዓሣ አጥማጆች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለ ጄኔራሎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ማኦ ኦክቶበር 29 ቀን ለጦር አዛዦቹ ባስተላለፉት ቴሌግራም ሽንፈቱ በእርስ በርሱ ጦርነት ከደረሰው ሁሉ የከፋ መሆኑን ሳይሸሽጉ ገለጡ። በዲሴምበርም በደቡብ ላለው ጦር ወደ ሃይናን ደሴት ሲሻገር ቢያንስ አንድ ሙሉ ጦር፥ ማለት ከ40 እስከ 50 ሺህ ሰው፥ ለሦስት ቀን የሚበቃ ስንቅ ይዞ በአንድ ጊዜ እንዲሻገር መመሪያ ሰጡ። መመሪያው በቃል እንደተሰጠው በሥራ አልተፈጸመም፤ ያን ያህል ጀልባ ከወዴት ይመጣል? የደቡቡ አዛዦች ዴንግ ሁዋና ሃን ሺያንቹ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በማርች 1950 ዓ.ም. ጥቂት ጥቂት ሰው በሌሊት እያሻገሩ፥ በደሴቲቱ ውስጥ በፌንግ ባይጁ መሪነት ለብዙ ዓመት ሲዋጉ ከኖሩት ደፈጣ ተዋጊዎች ጋር አገናኙ። በኤፕሪል አጋማሽ ከ20 ሺህ የበለጠው ዋናው ጦር ሲሻገር ከዳርቻው ላይ የሚቀበለው ወገን ነበረው። በተጨማሪም በአንዳንዶቹ የእንጨት ጀልባዎች ላይ የተራራ መድፍ ጠምደው ከእውነተኛ የጦር መርከቦች ጋር ተታኮሱባቸው። የባሕር ኃይል መኮንን ቢያየው ሊስቅበት የሚችል መሣሪያ ነበር። ነገር ግን ይህ ያልሠለጠነ የሚመስል ዘዴ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ መድፉ ከወታደሩ ጋር አብሮ ይጓዛል፥ ወታደሩም የሚያየውን መድፈኛው ያየዋል። ሃይናን በሜይ 1 ቀን ተያዘች።

በዚያው ዓመት ጁን የኮርያ ጦርነት ተነሣና አሜሪካ ሰባተኛውን የባሕር ኃይል ጓድ ወደ ታይዋን ሰርጥ ላከች፤ የታይዋን ዘመቻም ቀረ። የቻይና ጦር ወደ ኮርያ ሲዘምት የነበረው መድፍ ጥቂትና ከየአገሩ የተለቃቀመ ነበር። ሦስት ዓመት በፈጀው ጦርነት የሶቪየት መሣሪያ ሲደርሰው፥ የአሜሪካንም ተኩስ በራሱ ላይ ሲቀምስ፥ የመድፍን ነገር ተማረ። በ1953 ዓ.ም. ሐምሌ በኩምሶንግ ባደረገው የመጨረሻ ማጥቃት ከአንድ ሺህ በላይ መድፍ አሰልፏል። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በተራ የተዋጉት ሦስቱ የቃኘው ሻለቃዎች ያን የቻይናውያን የመድፍና የሞርታር ትምህርት በምሽጋቸው ላይ ሲወርድ አይተውታል። ከአዲስ አበባ የዘመተ ወታደር ስለዚህ ነገር ከመጽሐፍ የሚማረው ብዙ አልነበረውም።

ትምህርቱ ከባሕር ላይ የተፈተነው በጃንዋሪ 1955 ዓ.ም. ነው። በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ፊት ለፊት የዳቼን ደሴቶች አሉ፤ ከነርሱም በስተ ሰሜን እንደ ዘበኛ የቆመች ይጂያንግሻን የምትባል ባለ ሁለት ክፍል ደሴት አለች። ስፋቷ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድንጋያማ ናት፤ ዳርቻዋም አብዛኛው ገደል ነው። ዘመቻውን የመሩት ጄኔራል ዣንግ አይፒንግ ሲሆኑ፥ የአየሩን ክፍል የያዙት ኒየ ፌንግጂ ነበሩ። ዣንግ እንደ ዬ ፌይ አልቸኮሉም። ከኖቬምበር 1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አውሮፕላኖቻቸው ደሴቶቹን እየደበደቡ አየሩን ያዙ። በዚያው ወር 14 ቀን ሌሊት ትናንሽ የቶርፒዶ ጀልባዎች ታይፒንግ የተባለችውን የኩዎሚንታንግ የጦር መርከብ አሰጠሙ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ መርከቦች በዚያ ባሕር ላይ እንደ ልብ መመላለስ ፈሩ። ወታደሮቹ ደግሞ ይጂያንግሻንን በሚመስሉ ደሴቶች ላይ ገደል መውጣትን፥ ከጀልባ መውረድን፥ ከመድፈኛው ጋር በምልክት መነጋገርን ሲለማመዱ ከረሙ።

ከሁሉ የበለጠው ግን የቶውመንሻን ነገር ነው። ይህች ደሴት ከይጂያንግሻን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ናት። የዣንግ ሰዎች ከባድ መድፎችን በመርከብ እየጫኑ ወደዚያ አሻገሩና በተራራው ላይ ጎትተው አውጥተው ተከሉ። በዚህ ሥራ የባሕሩ ውጊያ በከፊል ወደ የብስ ውጊያ ተለወጠ፤ መድፉ ጽኑ መሬት አገኘ፥ ዓላማውንም በግልጽ አየ። በኪንመን ላይ ዕውር የነበረው መድፍ እዚህ ላይ ዓይን በራለት። ዣንግ ወታደሩ በሌሊት ሳይሆን በቀን እንዲወርድ የፈለጉትም ስለዚሁ ነው። የሌሊት ጨለማ ጀልባውን ከጠላት ይሸሽገው ይሆናል፤ ነገር ግን ከወገን መድፈኛና ከወገን አውሮፕላንም ይሸሽገዋል። በዋዜማው ከፔኪንግ የጦር ጠቅላይ መምሪያ ዘመቻው ገና ነውና ይተላለፍ የሚል ሐሳብ መጥቶ እንደ ነበር፥ ዣንግም ተከራክረው እንዳስፈቀዱ ይነገራል። ባሕሩ የሚሞላበትና ሰማዩ የሚጠራበት ቀን እንደ ሰው ፈቃድ አይገኝምና ክርክራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ጃንዋሪ 18 ቀን ጠዋት ቦምብ ጣዮቹ መጡ። ቀጥሎም የቶውመንሻን መድፎች ተከፈቱ። በዚያን ቀን በትንሿ ደሴት ላይ ከ40 ሺህ በላይ የመድፍ ጥይት እንደ ወረደባት ቻይናውያን ጽፈዋል፤ በዘመቻው የተካፈሉት አውሮፕላኖች 180 ያህል፥ መርከቦችና ጀልባዎችም ከ130 በላይ ነበሩ። ሦስት ሺህ ያህሉ ወታደሮች ከሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዳርቻውን ሲነኩ፥ ሩቁ መድፍ ወደ ውስጥ ተሻገረ። በዚያች አደገኛ ቅጽበት ግን ዝምታ አልሆነም። በጀልባዎች ላይ የተጠመዱ ሮኬቶችና የወታደር ማውረጃዎቹ የራሳቸው መድፎች በቅርብ ርቀት ተኮሱ፤ ዝቅ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖችም ምሽጎቹን መቱ። አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀጥልበት የተኩስ ሰንሰለት ነበር ማለት ነው። የምድር ጦር፥ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል በአንድ አዛዥ ሥር አብረው ሲዋጉ በቻይና ጦር ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ሁሉ ተኩስ ወርዶም ቢሆን ደሴቲቱ ባዶ ሆና አልጠበቀቻቸውም። ከዋሻና ከጉድጓድ የወጡት ተከላካዮች አጥብቀው ተዋጉ፤ አዛዣቸው ዋንግ ሸንግሚንግ ከዚያው ሞቱ። ቻይናውያኑ በራሳቸው ቁጥር 393 ሰው ሞቶባቸው ከአንድ ሺህ በላይ ቈስሎባቸዋል። ከጠላት 567 ገድለን 519 ማረክን ይላሉ፤ በታይፔ በኩል ደግሞ እስከ መጨረሻው ተዋግተው ወደቁ ተብለው የሚዘከሩት 720 ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዳይታረቁ የሚያደርጋቸው የሁለቱም ወገን ክብር ነውና ጸሐፊው በመካከል ገብቶ ሊፈርድ አይቃጣም። የሚታየው እውነት ግን ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ለማትሞላ ደሴት፥ አየሩና ባሕሩ ተይዞ፥ መድፉ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ተተክሎ፥ ከሚወርዱት ሰዎች ውስጥ ብዙው ሞቶና ቈስሎ መገኘቱ ነው። በሚቀጥለው ወር ኩዎሚንታንጎች በአሜሪካ የባሕር ኃይል ረዳትነት ዳቼንን ለቀው ወጡ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ኪንመን ተመለሰ። ኦገስት 23 ቀን 1958 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በፉጂያን ጠረፍ የተሰለፉ ከ450 የበለጡ መድፎች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ተኩሱን ከሻሜን የመሩት ያው በ1949 ዓ.ም. የተሸነፉት ዬ ፌይ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት የኪንመን ምክትል አዛዦች ተገደሉ። እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ ወደ ደሴቶቹ የተተኮሰው ጥይት 470 ሺህ ያህል ደረሰ። በየሜዳው የሚያርሰው ገበሬ፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን ከመሬት በታች መኖርን ተማረ። አሜሪካውያን የስንቅ መርከቦቹን እስከ ደሴቲቱ አቅራቢያ ድረስ አጀቡ፤ 203 ሚሊ ሜትር የሆኑ ከባድ ሃውዘሮችንም አመጡ። በቻይና በኩል ግን አንድም የወታደር ጀልባ አልተንቀሳቀሰም። ማኦ በዚህ ተኩስ የፈለጉት የፖለቲካ ነገር ነበርና ደሴቲቱን ለመያዝ አላዘዙም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየዘለሉ መተኮስ ልማድ ሆነ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከፈንጂ ይልቅ የስብከት ወረቀት የያዘ ጥይት ይበዛ ነበር። ተኩሱ በጭራሽ የቆመው ጃንዋሪ 1 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። የዚህ ታሪክ አስገራሚው ክፍል በ1949 ዓ.ም. ጀልባ ያለ መድፍ፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ መድፍ ያለ ጀልባ መታየቱ ነው።

ስለ ሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ብዙ የሚነገር የለም። ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተፈጠረው ጠብና የባህል አብዮቱ ጊዜውን በሉት፤ ጦሩም ዓይኑን ወደ ሰሜኑ ወሰን አዞረ። መጠቀስ የሚገባው ከሶቪየቱ ፒቲ 76 አምሳያ የተሠራው፥ በውሃም በየብስም የሚሄደው ዓይነት 63 የተባለው ታንክ ነው። 85 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው፤ በውሃ ላይ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ መርከብ ላይ ወርዶ በራሱ ኃይል ዳርቻ መድረስ ለእርሱ ረጅም ሥቃይ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት በኋላ አገሪቱ ስትበለጽግ ይህ ሁሉ ተለወጠ። በአሮጌው ታንክ ፈንታ በ2009 ዓ.ም. የጥቅምት ሰልፍ ላይ የታየው ዓይነት 05 የተባለው ተሽከርካሪ መጣ፤ በውሃ ላይ ፍጥነቱ የቀድሞውን እጥፍ ያህል ነው። አንዱ ወገኑ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ፥ ሌላው 30 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዞ ወታደር ይጭናል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጂዩጂያንግ የተባለችው አሮጌ ፍሪጌት የመርከብ ሚሳይሎቿ ተነሥተውላት በብዙ የ122 ሚሊ ሜትር ሮኬት መተኮሻዎች ተሞልታ ነበር። የዣንግ አይፒንግን የሮኬት ጀልባዎች የሚያስታውስ ሰው ሐሳቡ ከወዴት እንደ መጣ አይጠፋውም። ዛሬ ዓይነት 055 የተባሉት ታላላቅ የጦር መርከቦች፥ የመጀመሪያዋ ናንቻንግ በ2020 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረች፥ አንድ አንድ 130 ሚሊ ሜትር መድፍና 112 የሚሳይል ጎሬዎች አሏቸው። ሄሊኮፕተርና ወታደር የሚሸከመው ዓይነት 075 መርከብም ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰልፏል።

ነገር ግን መሣሪያው በዚህ ሁሉ ሲያድግ የድሮው ጥያቄ አልጠፋም፤ እንዲያውም በአንድ በኩል ከብዷል። ይጂያንግሻን ከቶውመንሻን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር። የታይዋን ሰርጥ በጣም በጠበበበት ስፍራ እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም ከባድ መድፍ ጎትተው የሚተክሉበት ቶውመንሻን የለም። ቻይናውያን ለዚህ ያገኙት መልስ በ2019 ዓ.ም. ሰልፍ ላይ የታየው ታላቁ የሮኬት መተኮሻ ነው። አንዱ መኪና 370 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስምንት ሮኬቶችን ይሸከማል፤ ሮኬቶቹም ሰርጡን አልፈው ይሄዳሉ። በኦገስት 2022 ዓ.ም. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ታይፔን በጎበኙ ማግሥት ከፒንግታን ደሴት ረጅም ርቀት የሚሄዱ ሮኬቶች ወደ ሰርጡ ሲተኮሱ ዓለም ሁሉ አይቷል። ስለዚህ ሩቁ መድፍ እንደገና ጽኑ መሬት አገኘ ሊባል ይቻላል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሮኬት ለምን እንደሚሆን ማስተዋል ይገባል። የአውሮፕላን ማረፊያን፥ ድልድይን፥ ቦታው አስቀድሞ የታወቀ የራዳር ጣቢያን ለመምታት ይሆናል። ከአሸዋው ሁለት መቶ ሜትር ርቆ በአንድ ቤት መስኮት የተደበቀውን መትረየስ ለመምታት ግን አይሆንም። ውሃ ውስጥ ያለው ሻምበል በሬዲዮ ጠርቶት እስኪመጣ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ቢመጣም ፍንዳታው የጠራውን ሰው ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። የጦር መርከቡ 130 ሚሊ ሜትር መድፍ ለዚህ ሥራ ይሻል ነበር። ነገር ግን ጥይቱ የሚደርሰው ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነውና መርከቡ ወደ ዳርቻው መቅረብ አለበት፤ በታይዋን ተራሮች ውስጥ ደግሞ በመኪና የሚዘዋወሩ መርከብ የሚመቱ ሚሳይሎች አሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣባትን መርከብ ለአንድ መትረየስ ብሎ ወደዚያ የሚያስጠጋ አድሚራል ማግኘት ቀላል አይመስለንም። ሰው አልባ አውሮፕላኖች በብዛት መምጣታቸው ለመድፈኛው ዓይን እንደ ሰጠው እርግጥ ነው፤ ግን ለተከላካዩም ያንኑ ዓይን ሰጥተውታል።

እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሸክም የሚወድቀው በዓይነት 05 ላይ በተጠመደው በ105 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ነው። ማዕበል እያናወጠው፥ ራሱም ለጠላት ዓላማ ሆኖ፥ ወደ ፊት እየሄደ ይተኩሳል። ይህም በዘመናዊ መልክ የተሠራ የሃይናን ጀልባ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። መድፉ እንደገና ከወታደሩ ጋር አብሮ ይጓዛል። በ2016 ዓ.ም. የጦሩ አደረጃጀት ተለውጦ የምሥራቁ የጦር ቀጣና አዛዥ የምድሩን፥ የባሕሩንና የአየሩን ኃይል አንድ ላይ እንዲያዝዝ ተደረገ፤ በማግሥቱ ዓመትም ለዚህ ዓይነት ወረራ የተመደቡ ስድስት የምድር ጦር ብርጌዶች ተቋቋሙ። ዣንግ አይፒንግ ለአንድ ቀን ያገኙት ሥልጣን ቋሚ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ይህ ጦር ከ1979 ዓ.ም. የቬትናም ጦርነትና ከዚያ በኋላ በወሰንና በባሕር ላይ ከተደረጉት ግጭቶች ወዲህ ትልቅ ውጊያ አላየም፤ በልምምድ ሜዳ ላይ መድፉ ዝም ሲል ማንም ከጉድጓድ ወጥቶ አይተኩስምና፥ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚበጠስ አስቀድሞ የሚነግር የለም።

በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ቻይና በዣንጂያንግ አጠገብ ባለ ዳርቻ ረጃጅም የብረት እግሮቻቸውን በባሕሩ ወለል ላይ ተክለው እንደ ድልድይ የሚዘረጉ አዳዲስ ጀልባዎች ታይተዋል። ከባድ መኪናና ታንክ ከትልልቅ መርከቦች በቀጥታ ወደ መንገድ እንዲወርድባቸው የተሠሩ ናቸው። እነርሱ ግን ሊቆሙ የሚችሉት ዳርቻው ከተያዘና የተከላካዩ መድፍ ከራቀ በኋላ ነው። በኪንመን ደግሞ ከጉኒንግቶው መንደር አጠገብ የጦርነት ሙዚየም ተሠርቷል፤ ያን ጊዜ የተዋጉት ዓይነት ታንኮች በደጁ ቆመዋል። ከ1949 ዓ.ም. በኋላ ጀልባን እንዲወጉ በዳርቻው የተተከሉት የሐዲድ ብረቶች ዝገው ሳለ ከአሸዋው ውስጥ ዛሬም አሉ። ባሕሩ ሲሞላ ይሰወራሉ፤ ሲጎድል ይታያሉ። የሻሜን ከተማ ረጃጅም ሕንፃዎችም ከዚያው ዳርቻ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በውሃው ማዶ ጎልተው ይታያሉ።